ዝቅ ብሎ መብረር

ክንፈሚካኤል መጥፎ ሰው አልነበረም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ የሠራውን የሰማ ሁሉ ክፉ አድርጎ ስለሚያስበው ነው። ሃያ ስምንት ዓመቱ ነበር፤ ሳቂታ፣ ሰው ወዳድ፣ እጁ የማይሰስት። አውሮፕላን ማብረር የተማረው ናይሮቢ ነው። አባቱ አቶ ገብረ ሕይወት ከፍኖተ ሰላም ቁልቁል ሲወርዱ ብር ሸለቆ ውስጥ ሰፊ የበቆሎና የበርበሬ እርሻ ነበራቸው። በ1998 ዓ.ም. አራት ሰው የምትይዝ አሮጌ አውሮፕላን ገዙና ልጃቸው ከአዲስ አበባ እያመላለሰ እርሻውን እንዲያሳያቸው አደረጉ። ከእርሻው ዳር ሣሩ ተመንጥሮ ማኮብኮቢያ ተሠራ።

እኔ አንዷለም እባላለሁ፤ የአውሮፕላኗ መካኒክ ነበርሁ። ትውልዴ ሰከላ፣ ግሽ ዓባይ አጠገብ ነው። ሙያውን የተማርሁት ደብረ ዘይት፣ አየር ኃይል ውስጥ ነው። በ1983 መንግሥት ሲለወጥ ተበተንን፤ እኔም ቡሬ ላይ የወፍጮ ሞተር ስጠግን ዓመታት አለፉ። አቶ ገብረ ሕይወት አፈላልገው ሲያገኙኝ፣ እጄ እንደገና የአውሮፕላን ሞተር ነካ ብዬ እንደ ሕፃን ደስ አለኝ። በኋላ አፌን የያዘኝም ይኸው ደስታ ነው።

የክንፌን ጠባይ ያወቅሁት በመጀመሪያው ሳምንት ነው። አብራሪ ከመነሣቱ በፊት አውሮፕላኗን ዞሮ ያያል፤ ከታንኩ ሥር ትንሽ ነዳጅ ቀድቶ ውሃ ገብቶበት እንደሆነ ይመረምራል፤ የቀረውን ነዳጅ ይለካል። ክንፌ ግን ጥቁር መነጽሩን አድርጎ፣ እየዘፈነ ገብቶ ሞተሩን ያስነሣ ነበር።

«ክንፌ፣ ነዳጁን አየኸው?» እለዋለሁ።

«ጋሽ አንዱ፣ እርስዎ ካዩት አይበቃም?»

«የሚበረው እኮ አንተ ነህ።»

«አይዞዎት። ሕጉ የተጻፈው ለማይችሉት ነው።»

ይችል ነበር፤ እውነቱን ነው። እንደርሱ ለስላሳ አድርጎ የሚያሳርፍ አየር ኃይልም ውስጥ ብዙ አላየሁም። ችሎታው ነው የጎዳው። አንድም ቀን ቅጣቱን ስላላየ፣ ያልተቀጣበትን ሁሉ ትክክል አድርጎ ቆጠረው።

ቅዳሜ ቅዳሜ የፍኖተ ሰላም ገበያ ሲሞላ፣ ከዛፎቹ ጫፍ ብዙም ሳይርቅ በላዩ ላይ ያልፋል። ሰው ይጮኻል፣ ያፏጫል፤ አህያው ጭነቱን ጥሎ ይፈረጥጣል። ሲያርፍ እየሳቀ ይወርድና፣ «አዩልኝ ጋሽ አንዱ? ገበያው በሙሉ ቀና አለ!» ይለኛል። ከወረዳው አንድ ሁለት ጊዜ ሰው መጥቶ ለአባቱ ተናግሯል። አቶ ገብረ ሕይወትም፣ «ወጣት ነው፤ ይበርድለታል» ብለው ሸኙት።

አሁን የራሴን ልናገር። በጥር፣ በአስተርእዮ ማርያም ዕለት፣ ዕቃ ልንገዛ ባሕር ዳር ሄደን ስንመለስ፣ «ወደ ሰከላ ትንሽ ዞር ብንልስ?» አልሁት። እኅቴ ወለተ ሐና ከአገሩ ሰው ጋር ደብሩ ዘንድ እንደምትውል አውቃለሁ። ዞረ። «ትንሽ ዝቅ ብትል» አልሁት። ዝቅ አለ። ነጭ የለበሰው ሕዝብ እንደ ተበተነ ጥጥ ወዲያና ወዲህ ሲል፣ ከመካከሉ አንዲት ሴት ነጠላዋን ስታውለበልብ አየሁ። እኅቴ ትሁን አትሁን አላውቅም፤ እኔ ግን እርሷ ናት ብዬ አጨበጨብሁ።

ክንፌ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ይኸው! እርስዎም ይወዱታል» አለኝ። ከዚያ ወዲያ ምክሬ ጉልበት አጣ። ልገሥጸው ስጀምር ፈገግ ይላል፤ እኔም እተወዋለሁ።

በ1999 ሰኔ ላይ የሞተሩን አንድ ክፍል ቀይሬ ስጨርስ፣ ለሙከራ አብረን ተነሣን። ነዳጅ የቀዳነው ለአጭር በረራ ያህል ብቻ ነበር። ሞተሩ እንደ አዲስ ሠራ። ከእርሻው በላይ ካለው ዳገት ላይ ገበሬዎች ለጤፍ መሬታቸውን ያለሰልሳሉ።

«እስቲ ሰላም እንበላቸው» አለ ክንፌ።

ዝም አልሁ። ዝምታዬን እንደ እሺታ ወሰደው፤ እሺታም ነበር።

አንድ ገበሬ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ቀና ሲል አየሁት። በሬዎቹ በረገጉ። ሰውዬው ወደቀ፤ በሬዎቹ ሞፈሩን እየጎተቱ ቁልቁል ፈረጠጡ። ክንፌ ሳቀ፤ «ወደቀ እኮ!» አለ። ተደናቅፎ የወደቀ መስሎት ነው። ዞረን ስንመለስ ሰውዬው አልተነሣም። አንዲት ሴት እጇን ራሷ ላይ አድርጋ ወደ እርሱ ስትሮጥ አየን። ያኔ ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ።

አርፈን ዳገቱን በሩጫ ወጣን። የወደቀው ቢሆነኝ የሚባል የሦስት ልጆች አባት ነው። በሬዎቹ ሲበረግጉ እርፉ ከእጁ ተፈናጠረና ማረሻው ባቱን ቀድዶ አጥንቱን ሰብሮት አለፈ። ሚስቱ ያይኔአበባ መቀነቷን ፈትታ ከጉልበቱ በላይ ጠፍራ አሥራዋለች። ጎረቤቱ ተሰብስቧል፤ የደብሩ መሪጌታ ወልደ ገብርኤልም ደርሰዋል።

የክንፌ ፊት አመድ መስሏል። «ባሕር ዳር አደርሰዋለሁ» አለ። «ግማሽ ሰዓት ነው። አንሡልኝ!»

ሰው ሁሉ ተንቀሳቀሰ። እኔ ቀና ብዬ አየሁ። በሰሜን በኩል ደጋው ከላይ እስከ ታች በጥቁር ደመና ተዘግቷል።

«ነዳጁ አይበቃም» አልሁት።

«ይበቃል!»

«ደመናውስ?»

«ከሥሩ እሄዳለሁ።»

«ከሥሩ እኮ ተራራ ነው ያለው፣ ክንፌ።»

ያይኔአበባ እግሬ ላይ ወደቀች። «አያ አንዷለም፣ ወንድምዎ ልጅዎ አይደለም ብለው አይጨክኑብኝ! ይዳንልኝ እንጂ በምንም ይሂድ!»

የአውሮፕላኗ ቁልፍ እኔ ዘንድ ነበር። ስንወርድ ሞተሩን አጥፍቼ የወሰድሁት እኔ ነኝ። ኪሴ ውስጥ ጨበጥሁት። «እኅቴ፣ አንድ ቁስለኛ ይዘን ተነሥተን ሦስት ሬሳ እንሆናለን» አልኋት።

ክንፌ ኮሌታዬን ያዘኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። «ለእኅትዎ ጊዜ ዝቅ በል ብለውኝ አልነበር? ዛሬ ሰው ላድን ስል ነው ሕግ የመጣው?»

በአገሩ ሰው ሁሉ ፊት ነው የተናገረው። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። «ብዬሃለሁ» አልሁት። «አጥፍቻለሁ። ቁልፉን ግን አልሰጥህም።»

መሪጌታ ወልደ ገብርኤል በመካከላችን ገቡ። «ቃሬዛ አምጡ» አሉ።

ሁለት አጣና ተቆርጦ ጋቢ ተወጠረበት። ክንፌ አንዱን ጫፍ ያዘ። ጭቃው ውስጥ ሁለት ጊዜ በጉልበቱ ወደቀ፤ ሌላ ሰው ሊቀበለው ቢልም አልለቅም አለ። እርሻው ስንደርስ በትራክተሩ ተሳቢ ላይ ጫንነው። አስፋልቱ ላይ ሳንወጣ በረዶ መጣል ጀመረ፤ በደጋው በኩል መብረቁ ደጋግሞ ይመታል። እኔም ትክክል ነበርሁ ለማለት አፌ አልተላቀቀም።

ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል የደረስነው ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው። ቢሆነኝ ነፍሱ ተረፈች፤ እግሩ ግን ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ። ቀደም ብሎ ቢደርስ እግሩ ይተርፍ እንደ ነበር ሐኪሙን ጠየቅሁት። «እሱን ማወቅ አይቻልም» አለኝ። እስከ ዛሬም አላውቅም።

በጥቅምት ሽማግሌዎች ደብሩ አጥር ሥር ተቀመጡ። አቶ ገብረ ሕይወት የሕክምናውን ወጪ ሁሉ ችለዋል፤ ለሽማግሌዎቹም ወኪል ልከው ነበር። «የበረረው ይምጣ» ተብሎ ወኪሉ ተመለሰ። ክንፌ በሳምንቱ መጣ፤ ድንጋይ ተሸክሞ ቆመ። እኔም ከጎኑ ቆምሁ። «አንተን ማን ጠራህ?» አሉኝ። «አብሬው ነበርሁ፤ ዝቅ ማለትንም ያስለመድሁት እኔ ነኝ» አልሁ።

መሪጌታ ክንፌን ትኩር ብለው አዩት። «ስምህን ማን አወጣልህ?»

«አያቴ።»

«መልካም ስም ነው። የሚካኤል ክንፍ ግን ይጋርዳል እንጂ አያባርርም።»

ከዚያ ያይኔአበባ ልናገር ብላ ተነሣች። ትቆጣለች ብዬ ጠብቄ ነበር። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ፣ ወንድሜ» አለችው። «ከላይ ሆነህ ስታየን ምን እንመስላለን?»

ክንፌ ድንጋዩን ትከሻው ላይ አስተካከለ። ሰበብ የሚፈልግ መሰለኝ። «ትንሽ ናችሁ» አለ በመጨረሻ። «ፊታችሁ አይታይም። ስትሮጡ ደስ ይለኝ ነበር። ሰው መሆናችሁን… አውቃለሁ፤ ግን አላስበውም ነበር።»

በአጥሩ የድንጋይ ካብ ላይ የተቀመጡት ሴቶች ከንፈራቸውን መጠጡ። ቢሆነኝ በምርኩዙ መሬቱን ቆረቆረ። «እኔስ ቀና ስል ደስ ብሎኝ ነበር» አለ። «በልጅነቴም አውሮፕላን እወድ ነበር። በሬዎቹ ናቸው ያልወደዱት።» አንዳንዱ ሳቀ። ክንፌ ድንጋዩን እንደ ተሸከመ አለቀሰ።

ሽማግሌዎቹ ስለ ካሣው ከጨረሱ በኋላ አንድ ነገር ጨመሩ። የቢሆነኝን ጤፍ ጎረቤት በደቦ ዘርቶለት ነበር፤ በኅዳር ሲደርስ ክንፌና እኔ አብረን እንድናጭድ ፈረዱ። አጨድን። ክንፌ ማጭድ አያያዝ አያውቅም፤ በመጀመሪያው ቀን ጣቱን ቆረጠ፣ በሁለተኛው ወገቡ አልቀና አለ። ያይኔአበባ ከቡድኑ ኋላ ሲቀር እያየች፣ «ጎንበስ በል እንጂ፣ እንዲያ ቆመህ አይታጨድም!» ትለዋለች። ዐሥር ቀን ቆየ። በዐሥረኛው ቀን የቢሆነኝን ልጆች በስማቸው ይጠራ ነበር።

ሰው በዐሥር ቀን ይለወጣል ብዬ ግን አላመንሁም። አቶ ገብረ ሕይወት አውሮፕላኗን ሸጧት፤ ክንፌ አዲስ አበባ ሄዶ ለሌሎች ማብረር ጀመረ። እኔም ቡሬ ወደ ወፍጮዬ ተመለስሁ። ቢሆነኝ እርፍ መጨበጥ ስለማይችል ምርቱን እኩል ሊካፈሉ መሬቱን ለወንድሙ ሰጥቶ ቡሬ ገበያ በርበሬ ይነግዳል።

ከሁለት ዓመት በኋላ በግንቦት ስልኬ ጮኸ።

«ጋሽ አንዱ፣ ዛሬ ከመንገድ ተመለስኩ» አለኝ ያለ ሰላምታ። «ጭልጋ ልደርስ ትንሽ ሲቀረኝ ደመናው ተዘጋ። ሳልሞክረው ዞርኩ። ተሳፋሪዎቹ ሠርግ ነበረባቸው፤ ፈሪ ብለው ሰደቡኝ።»

«አንተስ ምን አልሃቸው?»

«አዎ፣ ፈሪ ነኝ አልኳቸው።»

«ደግ አደረግህ» አልሁት። ስለ ቢሆነኝ ጠየቀኝ፤ ደኅና መሆኑን ነገርሁት።

«ሰላም ይበሉልኝ።»

«ራስህ መጥተህ በለው» አልሁት።

በኅዳር፣ የአጨዳው ሰሞን፣ በአውቶቡስ መጣ።