ግድግዳው ጠርቷል

«ሽታ የለውም ነበር እኮ፤ እኔን የገረመኝ እሱ ነው» አሉ እትዬ ፀሐይነሽ ሻዩን እፍ እያሉ። «ማስቲካ ነው እንግዲህ። ማስቲካ ያኝክ ነበር።»

ማራናታ ከአባቷ የለቅሶ ድንኳን ውጭ፣ የእድሩ ወንበሮች የተደራረቡበት ጥግ ተቀምጣ ሰማቻቸው። ሸራ ግድግዳ አይደለም። ሰው ግን ድንኳን ውስጥ ሲገባ ቤት የገባ ይመስለዋል።

«ጴንጤ ሆኖ?» አለች አንዷ ጎረቤት።

«ጴንጤ አይጠማውም? ደረጃው ላይ፣ መታጠፊያው ጋ፣ በዐይኔ በብረቱ ነው ያየሁት። ትንሽ ብልቃጥ ከኪሱ አወጣ፣ አንገቱን ወደ ኋላ ቀለበሰ፣ ጨለጠ። ከዚያ ግድግዳውን እየደገፈ ወጣ። እንግዲህ ያን ገልባጭ መኪናም ለምን እንዳላየው...» እትዬ ፀሐይነሽ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። የሳቸው ዝቅታ የሌላ ሰው ጩኸት ነው።

ማራናታ የያዘችውን ፔርሙዝ በሸራው በኩል ልትወረውርላቸው አሰበች። ያልወረወረችው ጨዋ ስለሆነች አይደለም። አባቷ ግድግዳ ሲደግፍ እሷም ስላየችው ነው።

አባቷ ገመዳ ፎቶ አንሺ ነበር። ሩዋንዳ የሚባለው ሰፈር አንድ በር የሆነች ፎቶ ቤት ነበረችው፤ ሰርግ፣ ምርቃት፣ ጉርድ ፎቶ ያነሳል። ባለፈው ቀን ከሥራ ሲመለስ፣ ከታክሲ ወርዶ የየካ አባዶን አስፋልት ሲሻገር፣ ከጎን የመጣ ገልባጭ ገጨው። ሾፌሩ ለፖሊስ «ዞር ብሎ አየኝ፤ ይቆማል ስል ዝም ብሎ ገባብኝ» ብሏል። ይቺ ቃል ከሬሳው ቀድማ ኮንዶሚኒየሙ ገባች።

«ማራ!» አጎቷ አብዲሳ ነው። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ስለሆነ ለቅሶውን የሚመራው እሱ ነው። «ያባትሽን ፎቶ አላገኘሽም? ዛሬ ካላሳተምነው ባነሩ ለነገው የመዝጊያ ፕሮግራም አይደርስም።»

«እየፈለግኩ ነው ጋሼ። ነገ ስለ አባ የሚናገረው ማነው?»

አብዲሳ ጫማውን አየ። «ሽማግሌዎቹ ምስክርነቱ ይቅር ብለዋል። መዝሙርና ጸሎት ብቻ ይሁን።»

«ለምን?»

«ሰዓት ለመቆጠብ።»

አጎቷ ለምሳ ሲጸልይ ወጥ የሚያቀዘቅዝ ሰው ነው። ሰዓት መቆጠብ የጀመረው ዛሬ መሆኑ ነው። ማራናታ ዐይን ዐይኑን አየችው፤ እሱ ግን ጫማው ላይ እንደቆየ ነበር። ገባት። ወሬውን አምኗል። ነገ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ስለ አባቷ አንድ መልካም ቃል ሳይነገር ድንኳኑ ይፈርሳል፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረው እትዬ ፀሐይነሽ ያወሩት ብቻ ነው።

ፎቅ ወጥታ የመኝታ ቤቱን በር ዘጋች።

የፎቶ አንሺ ቤት የፎቶ አንሺው ፎቶ የለበትም ቢባል ማን ያምናል? ግድግዳው ላይ እናቷ አለች፣ እሷ የፊት ጥርሷ ወልቆ አለች፣ የማያውቋቸው ሙሽሮች ሳይቀሩ አሉ። እሱ የለም። እሱ ያለው ለልምምድ በሰጣት አሮጌ ካሜራ ውስጥ ብቻ ነው።

ካሜራውን ከፈተችው። አባቷ ብቅ አለ፤ ብዥ ብሎ። ቀጣዩ ላይም ብዥ። ሌላውም ላይ እንደዚያው፣ ከእንፋሎት መሃል የወጣ ሰው ይመስላል።

ቅዳሜ ቅዳሜ ፎቶ ቤቱ ደጃፍ፣ ከጎን ያለው ጁስ ቤት ያወጣቸው ወንበሮች ላይ ነበር የሚያስተምራት።

«ክርንሽን እንደ ዶሮ ክንፍ አትዘርጊው፤ ከጎንሽ አጣብቂው።»

«አባ፣ ልተኩስ ነው እንዴ?»

«አዎ። ትንፋሽሽን ግማሹን አስወጪና ያዢው። ቁልፉን እስከ ግማሽ ብቻ ተጫኚ። ካሜራዋ ምስሉን ስትይዝ ጢጥ ትልሻለች።»

«ካላለችስ?»

«ትጠብቂያታለሻ። ያልያዘችውን ነገር አትጫኚ። አሁን የማጥሪያዋ አረንጓዴ ሳጥን የት ናት? ዐይኔ ላይ አርፋለች?»

«አርፋለች» ትላለች ሳታይ፤ ጢጥ ሳይል ትጫነዋለች። ሳጥኗ ግን በአባቷ ትከሻ በኩል ሾልካ ከኋላው ያለው ግድግዳ ላይ ትለጠፋለች። የማራናታ ፎቶዎች ሁሉ እንዲህ ናቸው፤ ሰውየው ጭጋግ፣ ከኋላው ያለው ነገር ምስማሩ ሳይቀር ይቆጠራል።

አንድ ቅዳሜ እንደ ቀልድ አድርጋ፣ ጨርሶ የተበላሸውን አሳየችው። «እይ አባ! ጥርት!»

አፍንጫው ድረስ አስጠግቶ አየው። «ጎበዝ!» አለ። «ጥርት ብላለች።»

ማራናታ ክው አለች። ይሄ ሰው የሙሽራ ሽፋሽፍት ትንሽ ደብዝዟል ብሎ ሙሉ ፎቶ የሚጥል ሰው ነው። ወይ ይዋሻል፣ ወይ የሆነ ነገር ሆኗል። ከዚያ ቀን ወዲህ ትሰልለው ጀመረች። ሻይ ከስኒው ውጭ ሲቀዳ አየችው። ደረጃ ላይ ግድግዳ ሲዳብስ አየችው። ደግሞ «መጣሁ» ብሎ ካሜራውን ይዞ ጁስ ቤቱ ውስጥ ይገባና ይቆያል። አንድ ማንጎ ለመጠጣት የማይፈጀውን ያህል ይቆያል።

አሁን አልጋው ላይ ሆና ፎቶዎቹን ስትገለብጥ ዐይኗ ከአባቷ ጭጋግ አለፈና ወደ ኋላው ሄደ። ወደ ጠራው።

ሴትዮዋ እዚያ ነበረች። ሽርጥ ያሰረች፣ ፀጉሯን ሹሩባ የተሠራች የጁስ ቤቷ ባለቤት፣ ፊዮሪ። አንዱ ፎቶ ላይ የአባቷን ትልቁን ካሜራ ይዛ ከመጭመቂያው ኋላ ቆማለች፤ አባቷ ማንንም የማያስነካውን፣ እናቷ እንኳን ይዛው የማታውቀውን ካሜራ። ሌላው ላይ የአባቷን ጀርባ ታያለች፤ አስተያየቷ ደንበኛ የሚታይበት ዓይነት አይደለም። በመጨረሻው ላይ ደግሞ ጠረጴዛዋ ላይ፣ ከስትሮዎቹ አጠገብ፣ አውራ ጣት የምታክል ነጭ ብልቃጥ ቆማለች። በሕይወቷ ካነሳቻቸው ሁሉ የጠራችው ፎቶ እሷ ነበረች።

ብልቃጥም፣ ሴትም። እትዬ ፀሐይነሽ ያዩት ግማሹን ብቻ ነበር ማለት ነው።

በሩ ተንኳኳ። እናቷ ሉሊት ገባች፤ ዐይኗ አብጧል።

«አገኘሽ?»

«ሁሉም ብዥ ነው፣ እማ።»

«ታዲያ ለምን ስገባ አጠፋሽው?»

«ባትሪ ነው።»

ሉሊት ልጇን አየቻት። ከትናንት ጀምሮ በዚህ ቤት ሁሉም ሰው ሁሉንም እንዲህ ነው የሚያየው፤ ኪስ እንደሚፈትሽ ዘበኛ። «ቅዳሜ ቅዳሜ» አለች እናቷ ቀስ ብላ፣ «እዚያ ስትቀመጡ አባትሽ ምን ይጠጣ ነበር?»

«ጁስ።»

«ጁስ ብቻ?»

ማራናታ ካሜራውን ጋቢዋ ውስጥ ሸጎጠችውና ወጣች።

ከሰዓት በኋላ ፊዮሪ ራሷ መጣች። ጥቁር ነጠላ ለብሳ፣ ትንሽ ፌስታል ደረቷ ላይ ይዛ፣ ድንኳኑ መውጫ ጋ ተቀመጠች። የሚያለቅሱ ሰዎች ብዙ ነበሩ፤ እሷ ግን የምታለቅሰው ማንም እንዳያያት ነበር። ማራናታ ዳቦ የያዘውን ትሪ ለሌላ ሰው አስይዛ አጠገቧ ተገተረች።

«ነይ እስቲ» አለቻት። «እርስዎ» የምትለው ለሚገባው ነው።

የውሃ ታንከሩ ጀርባ ወሰደቻትና ካሜራውን ፊቷ ላይ ከፈተችው። «ይሄ ምንድነው? አባቴን ምን ነበር የምታጠጪው?»

ፊዮሪ ፎቶውን አየች። ከዚያ ማራናታን አየች። «ማጠጣት?» አለች።

«ብልቃጧን እያየኋት ነው። እትዬ ፀሐይነሽም ሲጠጣ አይተውታል። ቤተ ክርስቲያኑ ሰምቷል። ነገ ስለ አባቴ ማንም አይናገርም፤ ስለዚህ አትዋሺኝ።»

«አስጠጊያት። ብልቃጧን አስጠጊያት። አፏን እዪ።»

ማራናታ ምስሉን አተለቀችው። የብልቃጧ አፍ እንደ መርፌ ቀዳዳ ነበር። ከዚያ አፍ አንድ ሰው ለመስከር ቢሞክር ሳምንት ሳይሆን ዓመት ይፈጅበታል።

ፊዮሪ ፌስታሏን ፈታች። ውስጡ ያንኑ የመሰለ፣ ገና ያልተከፈተ ብልቃጥ ነበር፤ ላዩ ላይ የፍሪጅ ላብ አለው። «የዐይን ጠብታ ነው። የዐይን ግፊት ነበረበት። መጀመሪያ ዳር ዳሩ ጠፋበት፤ ከጎን የሚመጣ ነገር አይታየውም ነበር። በኋላ መሃሉም ጭጋግ እየሆነ መጣ። ቤት ካስቀመጠው እናትሽ ታያለች ብሎ እኔ ፍሪጅ ውስጥ አኖረው።»

«ካሜራውንስ ለምን ትይዢው ነበር?»

«ጠርቷል አልጠራም እንድነግረው ነዋ! እኔ ምን አውቃለሁ፣ ፓፓያ ነው የማውቀው። 'የሙሽራዋን ዐይን አስጠጊና እዪ፣ ሽፋሽፍቷ ይቆጠራል?' ይለኛል። እቆጥርለታለሁ።»

ከድንኳኑ መዝሙር ተጀመረ። ማራናታ የታንከሩን ብረት ያዘች።

«ለምን ለእኛ አልነገረንም?»

«ዐይኑ የደከመ ፎቶ አንሺ ማን ሰርግ ይጠራዋል? 'ማራ አንዲት ጥርት ያለች ፎቶ ታንሳ፣ ያን ቀን እነግራቸዋለሁ' ነበር የሚለኝ። አንቺ እሱን እንድትተኪ ነበር ሐሳቡ።»

ማራናታ ካሜራውን አጠፋችው። «እኔ እኮ አንድ ቀን... ጥርት ብሏል ብዬው ነበር። አምኖኝ ነበር።»

ፊዮሪ እያለቀሰች ሳቀች። «አውቃለሁ። በዚያው ሰዓት ይዟት መጣ። 'ማራ ጠርቷል አለችኝ፣ እውነቷን ነው?' አለኝ። እኔም አስጠግቼ አየሁና 'ግድግዳው ጠርቷል' አልኩት። ወንበር ይዞ ነው የሳቀው። 'ደህና፣ ከግድግዳው ጀምራለች' አለ።»

ማራናታ ብልቃጧን ከፊዮሪ እጅ ወሰደች። ቀዝቃዛ ነበረች፤ ኪሷ ከተተቻት። የፊዮሪን እጅ ይዛ እየጎተተቻት ድንኳኑ ውስጥ ገባች፤ መዝሙሩ እስኪያልቅ ጠበቀችና መሃል ላይ ቆመች።

«እትዬ ፀሐይነሽ» አለች፣ ድምፅ ሳትቀንስ። «ያን ቀን ደረጃው ላይ አባቴን ያዩት ከፊት ነው ከኋላ?»

እትዬ ፀሐይነሽ ግራ ቀኝ አዩ። «ምን አልሽ አንቺ ልጅ?»

«ሲጠጣ ያዩት ቀን። ከፊት ነው ከኋላ?»

«ማራ!» አለ አብዲሳ ከወንበሩ ተነስቶ።

«ጋሼ፣ ይመልሱ። ሰዓት አልፈጅም።»

«ከ... ከኋላ ነው» አሉ እትዬ ፀሐይነሽ። «እኔ ከታች እየወጣሁ ነበር። ጀርባውን ነው ያየሁት።»

ማራናታ ለድንኳኑ ሁሉ ጀርባዋን ሰጠች። ብልቃጧን ከኪሷ አወጣች። አንገቷን ወደ ኋላ ቀለበሰችና እጇን ወደ ፊቷ አነሳች። ከኋላ ላያት ሰው የምትጨልጥ ነበር የምትመስለው።

እንደዚያው ሆና ዞረች። ብልቃጧ ክዳኗ ሳይከፈት ዐይኗ ላይ ተደፍታ ነበር።

እትዬ ፀሐይነሽ የያዙትን ብርጭቆ የሚያስቀምጡበት አጡ። ሉሊት ከፍራሹ ላይ ተነስታ ወደ ልጇ መጣች፣ ብልቃጧን ተቀበለቻት፣ እያገላበጠች አየቻት። ማራናታ የሰማችውን ሁሉ እዚያው ነገረቻት፤ ያጎደለችውን ፊዮሪ ሞላች።

«ሻዩን ሲያፈስ» አለች ሉሊት በመጨረሻ፣ «ተቆጥቼው ነበር።» ከዚያ ፊዮሪን በክንዷ ይዛ ፍራሹ ላይ፣ አጠገቧ፣ አስቀመጠቻት።

አብዲሳ ጉሮሮውን ጠረገ። «ነገ» አለ፣ «ምስክርነት ይኖራል። የመጀመሪያው እኔ ነኝ።»

ባነሩን ለማሳተም የሄዱት ማራናታና እናቷ ነበሩ። ማተሚያ ቤቱ ያለው ልጅ ፎቶውን አይቶ ራሱን ነቀነቀ። «ይሄ እኮ ብዥ ነው። ሲተልቅ ደግሞ ይብስበታል። ሌላ የላችሁም?»

«የለንም» አለች ሉሊት። «እሱም እኛን ሲያየን የከረመው እንዲህ ነው። እኛም እንዲህ እንየው።»

በማግስቱ ባነሩ ከድንኳኑ ፊት ተሰቀለ። አብዲሳ ተናገረ፤ እንደ ልማዱ አስረዘመው፤ ማንም ሰዓት አላየም። እትዬ ፀሐይነሽም ከኋላ መጥተው ማራናታ እጅ ላይ ትኩስ ዳቦ ጣል አድርገው ሄዱ።

ሰው መበታተን ሲጀምር ማራናታ አሮጌውን ካሜራ አነሳች። ባነሩ ፊት ቆማ ክርኖቿን ከጎኗ አጣበቀች። ትንፋሿን ግማሹን አስወጥታ ያዘችው። አረንጓዴዋን ሳጥን አባቷ ዐይን ላይ፣ ልክ ዐይኑ ላይ አሳረፈቻትና ቁልፉን እስከ ግማሽ ተጫነችው።

ሌንሱ ወጣ፣ ገባ። ፈለገ። ብዥታው ላይ የሚይዘው ጥርት ያለ ነገር አጥቶ እንደገና ወጣ፣ ገባ።

ከኋላዋ የእድሩ ሰዎች ወንበር ማጠፍ ጀምረዋል። ማራናታ ጣቷን አላነሳችም፤ አልተጫነችምም። ጢጥ እስክትላት ድረስ ትንፋሿን ይዛ ቆመች።