የጎደለችው ቃል

የበተነው የዩሪያ ማዳበሪያ በተሰነጣጠቀው ጭቃ ላይ እንደ ጨው ነጭ ብሏል፤ ውሃው ግን አልመጣም። መሸሻ ከሩዝ ማሳው ዳር ተቀምጦ አንዴ ደረቁን ቦይ፣ አንዴ ወደ ላይ የወጣውን ፀሐይ እያየ ይራገማል።

የግብርና ባለሙያዋ ድርቤ ነግራዋለች። ከኡኬ ከተማ በታች ያለችው ወንዝ ስለመነመነች ዘንድሮ ሩዙ እንደ ድሮው ሁልጊዜ ውሃ ውስጥ አይቆምም፤ ይደርቃል፣ ደግሞ ይጠጣል። «ታዲያ ይጠንቀቁ፤» ብላዋለች፣ «ዩሪያውን በደረቁ በትነው የዚያኑ ዕለት ካላጠጡት ፀሐይ ይበላዋል፤ መሬቱ ባዶውን ይቀራል።» ቅጠሉ ከወዲሁ ገርጥቷል። ችግኙን የተከለችው ሚስቱ ሐረግወይን ነበረች። ተክላ ሳትጨርስ ታመመች፤ ሳታየው ሞተች። ይህ ሩዝ ከጠፋ ከእጇ የቀረ ሌላ ነገር የለውም።

ጠዋት ጉብታው ላይ ወጥቶ፣ የውሃውን በር ወደሚጠብቀው ጎረቤቱ ወደ ጂሬኛ በኦሮምኛ «ቢሻን ዲሲ!» ብሎ ተጣርቷል። ውሃውን ልቀቀው ማለቱ ነበር። ጂሬኛ እጁን አንስቶለታል። ታዲያ ምን ነካው?

መሸሻ ከወሎ መጥቶ እዚሁ ሸምግሏል፤ ኦሮምኛው ግን ሁሌም በሐረግወይን በኩል ነበር። ገበያው በእሷ፣ ዕርቁ በእሷ፣ ለቅሶው በእሷ፤ እሱ አጠገቧ ቆሞ ራሱን ይነቀንቃል። በቀብሯ ዕለት እንኳ ሰው ፊት አላለቀሰም። ከዚያ ወዲህ ጂሬኛ ደጁ እየመጣ ይቀመጣል፤ ሁለቱም የሚሉት አጥተው ይለያያሉ።

«እሷ የለችም ብሎ ናቀኝ» አለ በልቡ። ዱላውን አንስቶ ሽቅብ ወጣ።

ጂሬኛ የውሃውን በር በሣርና በጭቃ ደፍኖ፣ አካፋውን አቅፎ ተቀምጧል። ፊቱ የከፋው ሰው ፊት ነው።

«ኦቦ ጂሬኛ፣ ምን በደልኩህ?»

«ዲሲ አልከኝ። ተወው አልክ፣ ተውኩ» አለ ጂሬኛ አማርኛውን እየፈለገ። «እሷ ሞተች፣ ኦቦ መሸሻ እርሻውን ተወ፣ አገሩ ሊሄድ ነው አልኩ። ከጠዋት እዚህ ቁጭ አልኩ።»

መሸሻ ቁጣው ከላዩ ላይ ወረደ፤ በምትኩ አፈረ።

«ልቀቀው ነበር ያልኩህ።»

«እሱማ ጋዲ ዲሲ ነው!» ጂሬኛ ብድግ አለ። «ሐረጌ ጋዲ ትል ነበር።»

«ጋዲ» አለ መሸሻ። ስሟን ሌላ ሰው ሲጠራው ከሰማ ቆይቷል።

ጂሬኛ ጭቃውን በአካፋው ናደው፤ ውሃው እየተንደረደረ ወረደ። መሸሻ ቀድሞ ወርዶ የማሳውን አፍ መክፈት ነበረበት፤ ዱላውን ተደግፎ ውሃውን እያየ ቀረ።

«ማሳውን እኔ እከፍታለሁ፤» አለ ጂሬኛ አይቶት። «አንተ...» ቃሉን በአማርኛ አጣው። ደረቱን በመዳፉ መታ መታ አድርጎ፣ «ጋዲ ዲሲ» አለው።

አካፋውን ትከሻው ላይ ጥሎ ውሃውን ተከትሎ ወረደ። መሸሻ ሰው አለመኖሩን ዞር ብሎ አየ፤ ከዚያ እንባውን ለቀቀው።