የባሱ ትራክ

የአባቴ አልበም ግማሹ ስቱዲዮ ውስጥ፣ ግማሹ መድረክ ላይ የተቀረጸ ነው። የስቱዲዮዎቹን ዘፈኖች እኔ ነኝ የቀረጽኳቸው። የመድረኮቹ የቆዩ ናቸው፤ የባንዱ የድምፅ ባለሙያ በትልልቅ ቴፕ ይዟቸው ኖሮ፣ ሲሞት ሚስቱ ለአባቴ አመጣችለት።

አሳታሚው አልበሙን ለማውጣት የተስማማው ከመድረኮቹ በአንዱ ዘፈን ምክንያት ነበር። የፈንክ ሙዚቃ የሚወድ ሰው ያንን ዘፈን የሚያውቀው በባሱ ነው። እየተቀዳ፣ እየተቀዳ ባረጀ ካሴት ላይ እንኳ ባሱ ደረት ይመታል። አባቴ ባስ ጊታር የሚያስተምራቸው ልጆች መጀመሪያ የሚጠይቁት ስለሱ ነው። አንድ ቦታ ላይ ዜማው ባለ አራት ክር ባስ ሊደርስበት ከሚችለው በታች ይወርዳልና፣ «እንዴት አድርገህ ነው?» ይሉታል። እሱም «ያን ቀን ወፍራሙን ክር አላልቼው ነበር» ብሎ ያሳያቸዋል።

ጠዋት ቴፑን ወደ ኮምፒውተር ገልብጬ ጨርሼ ነበር። እያንዳንዱ መሣሪያ በየራሱ ትራክ ተቀምጧል። ባሱን ላጸዳ ብዬ ሌሎቹን ሁሉ ዘጋኋቸው። ምንም የለም። ስገለብጥ ያበላሸሁት መስሎኝ ደነገጥኩ። ቆይቶ አንዲት ክር ጠንን አለች። ዝም። ደግሞ ጠንን፤ አሁን ትንሽ ከፍ ብላ። ክር እየተወጠረ ነበር። ባሱ በትክክል የገባው ዘፈኑ ሊያልቅ ሲል ነው።

የኦርጋኑን ትራክ ከፈትኩ። ያ የሚታወቀው ባስ እዚያ ነበር፤ ታች በግራ እጅ፣ እስከዚያች ዝቅተኛ ድምፅ ድረስ።

አባቴ ሶፋው ላይ ብርቱካን እየላጠ ነበር።

«አባዬ፣ አንድ ነገር ስማልኝ» አልኩና ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አደረግሁለት።

ባሱን ብቻ፣ ቀጥሎ ኦርጋኑን ብቻ አሰማሁት። ብርቱካኑን ጭኑ ላይ አስቀመጠው።

«ቴፑ ተበላሽቶ ይሆናል» አለ።

ራሱ እጁን ሰዶ እንደገና ከፈተው።

«ክሬ ተበጥሶ ነበር» አለ በመጨረሻ። «ከአምፕሊፋየሩ ጀርባ ቁጭ ብዬ ነው የቀየርኩት። ሲያልቅ ሰው መጥቶ አቀፈኝ። የመጨረሻዋን የወደዷት መስሎኝ። ከዚያ ካሴቱ ወጣና ተጫወትልን ሲሉኝ ከካሴቱ አጠናሁት። አንዴ ካጠናሁት በኋላማ... የኔ ሆነ። እመኚኝ፣ የኔ ነበር የሚመስለኝ።»

«የሚያውቅ ሰው የለም» አልኩት። «ሳንናገር ሊወጣ ይችላል።»

ይህን ማለቴ ደስ አላለኝም። ግን ስሙ ያለው እዚያ ዘፈን ላይ ነው፤ ተማሪዎቹም የሚመጡት እሱን ብለው ነው።

«ዳኛው ዛሬ ይመጣ የለ?» አለ።

ዳኛው የባንዱ ኦርጋን ተጫዋች ናቸው። መድረክ ላይ ፊታቸው ንቅንቅ ስለማይል የወጣላቸው ስም ነው። ለአንድ የስቱዲዮ ዘፈን ኦርጋን ሊጨምሩልን ቀጠሮ ነበራቸው። ከምሳ በኋላ ኮታቸውን እንደቆለፉ ገቡ።

«ይሄ ስቱዲዮ ነው ማቀዝቀዣ? ደህና ዋልሽ የኔ ልጅ። አባትሽ ምነው ፊቱን ጣለ? ጥርስ አስነቀልሽው እንዴ?»

«ስማ አንተ» አለ አባቴ። «ባሱን ማነው የተጫወተው?»

«የቱን?»

«ታውቀዋለህ።»

ጋሽ ዳኛው ኮታቸውን ቀስ ብለው አወለቁ። «አይ አንተ ሰውዬ! ሸብተህ ነው ይሄን የምትጠይቀኝ?»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ለሚስቴ ነግሬያታለሁ። ቅናት ነው አለችኝ። ያኔ አፌን ዘጋሁ። ደግሞ አንተ ስታወራው ያምርብሃል፤ እኔ ባወራው ማን ይሰማኛል?» ብለው መሳቅ ጀመሩና ተዉት። «አንዴ ብቻ ነው የከፋኝ። ልጄ አንተ ዘንድ ባስ ሲማር ያንን ዜማ ይዞ ቤት መጣ። 'አባዬ፣ አንተ እንደ ጓደኛህ መጫወት ትችላለህ?' አለኝ።»

«ምን አልከው?»

«እሞክራለሁ አልኩት።»

አባቴ ስልኩን አውጥቶ አሳታሚው ጋ ደወለ። ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፍ አደረገው።

«ባሱን የተጫወትኩት እኔ አይደለሁም» አለው። «ዳኛው ነው፤ በኦርጋን። ስሙ ይጻፍ።»

«ሽፋኑ ላይ እኮ ያለኸው አንተ ነህ፣ ጊታርህን ታቅፈህ! ታትሟል። ደግሞ ማን ይጠይቃል?»

«እኔ እጠይቃለሁ።»

«እንግዲያው ዘፈኑ ይቅር።»

«እሱ ከቀረ እኔም እቀራለሁ።»

ጋሽ ዳኛው ሁለት እጃቸውን እያወናጨፉ «ተው እንጂ! አልበም ልታስቀርብን ነው!» አሉ።

አሳታሚው ወረቀት ሲያገላብጥ ይሰማል። «የውስጡ ጽሑፍ ማተሚያ ቤት አልገባም። እሺ፣ ስሙ ይግባ። ሽፋኑን ግን አልነካም።»

«አትንካው» አሉ ጋሽ ዳኛው ወደ ስልኩ ጎንበስ ብለው። «በኔ ፊት ማን ይገዛዋል?»

ጽሑፉን የምልከው እኔ ስለሆንኩ ሙሉ ስማቸውን ጠየቅኋቸው። አባቴ የአያታቸውን ስም ያን ቀን ገና ሰማ። ባስ በሚለው ፊት ለፊት የእሳቸውን ጻፍኩ።

«አባዬ፣ አንተን ምን ልበልህ?»

«መጨረሻ ላይ የገባሁትን ብቻ።»

«ክር መቀየሩንም ጻፊለት» አሉ ጋሽ ዳኛው።

አባቴ አልሳቀም። «የልጅህን ቁጥር ስጠኝ» አላቸው።

«ምን ልታደርግ?»

«ስጠኝ አልኩህ።»

ሰጡት። ስልኩን ይዞ ኮሪደር ወጣና በሩን ዘጋው። በመስታወቱ አየዋለሁ፤ ግድግዳውን ተደግፎ፣ አንድ እጁን ኪሱ ከትቶ፣ እስኪነሳለት ይጠብቃል። ጋሽ ዳኛው ወደዚያ አላዩም። ጀርባቸውን ሰጥተው ኦርጋኑ ላይ ተቀመጡና ማዳመጫቸውን አጠለቁ።

«ድምፁን ስጪኝ እስቲ» አሉ።

ከፈትኩላቸው። ኮሪደሩ ላይ አባቴ መናገር ጀምሮ ነበር።