የሚቃኝላቸው ሰው

ፋርማሲስቷ የቫዮሊኑን ሳጥን ከሴትየዋ እጅ ተቀበለችና «ስላመጣችሁልን እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ከሟች አባቷ የቫዮሊን ሳጥኖች አጠገብ አቆመችው።

ሴትየዋ ከወንበሯ ብድግ አለች። «ኧረ የኔ እህት፣ የኛው ነው! ልንመልስ አይደለም የመጣነው።»

«ይቅርታ፣ አባዬ ያዋሳችሁ መስሎኝ ነው።»

«እንዲቃኝልን ነው።» ለቀስተኞቹ ቀና ብለው ሲያዩአት ድምጿን ዝቅ አደረገች። «በቀብር ማግስት ነውር መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም። ልጄ ነገ የሙዚቃ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና አላት፤ ዓመቱን ሙሉ ስትጠብቀው የኖረችው ነው። ጋሼ ደግሞ ክሩ የሚጠብቅበትን ቁልፍ አያስነኩም ነበር። አንቺ ልጃቸው ነሽ ብዬ…»

ተማሪዋ ከእናቷ ኋላ ቆማ ጫማዋን ታያለች። አሥር ዓመት ቢሆናት ነው።

«እኔ እኮ መድኃኒት ነው የምሸጠው» አለች ፋርማሲስቷ። እጇ ሳታዝዘው ቀኝ ዓይኗ ሥር ሄደ። እዚያ ብዕር ስቶ የጫረው የሚመስል ቀጭን ጠባሳ አለ።

ጠባሳው ሲወጣባት ትምህርት ቤት ገና መግባቷ ነበር። አባቷ ጉልበቱ መሃል አቁሟት፣ የቀጭኗን ክር ቁልፍ አስይዟት፣ «ስሚው፣ ሲወጣ ስሚው» ይላታል። ድምፁ እየሰላ፣ እየሰላ ሄደና ክሩ ጧ ብሎ ተበጠሰ። ደሙን አታስታውሰውም። የምታስታውሰው አመድ የመሰለውን የአባቷን ፊት ነው። በማግስቱ ትንሿ ቫዮሊኗ ቁም ሳጥን አናት ላይ ወጣች። መቼ እንደሚያወርድላት ስትጠይቀው «ቆይ» አላት። ሰንብታ ስትጠይቀውም «ቆይ»። በመጨረሻ መጠየቋን ተወች፤ ለዜማ ጆሮ ስለሌለኝ ነው ብላ።

ተማሪዎቹም ያወጡለት ስም «ጋሼ ቆይ» ነበር። እጃቸው ወደ ቁልፉ ከሄደ «ቆይ! ቆይ!» እያለ ከወንበሩ ይዘላል፤ ሁሉንም ራሱ ይቃኝላቸዋል። በቀረው ግን ቁጣ አያውቅም። ዜማውን በአፋቸው ሳያንጎራጉሩት ክር አያስነካቸውም። ሲሳሳቱም «ጣትሽ አልሰማችም፤ እስኪ አንቺ ንገሪያት» ነው የሚለው።

ጥግ የተቀመጡት ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከአባቷ ጋር በሆቴል ባንድ ከበሮ ይመቱ የነበሩ ናቸው።

«ቃኚላት እንጂ።»

«አልችልም ጋሼ። እጄም ይፈራል፣ ጆሮም የለኝ።»

«ጆሮ የለሽም ያለሽ ማነው?»

«አባዬ። ማለቴ… ጀምሮ ተወኝ።»

ሽማግሌው ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። «አባትሽን ያስተማረው የወታደር ባንድ አለቃ ነው። ድምፅ ከሳትክ ጣትህን በዱላ፣ ቋ! እኔንም ቀጥቅጦኛል፤ የምመታው ከበሮ ስለሆነ አልታወቀብኝም እንጂ። አባትሽ ከዚያ ሲወጣ በኔ እጅ ልጅ አይጎዳም ብሎ ማለ። ከዚያ የገዛ ልጁ ዓይን… ያን ምሽት ሆቴል መጣና እጁ አልታዘዝ አለው። ከበሮዬን አጩኼ ሸፈንኩለት። ፈሪ ሆኖ ቀረ፣ የኔ ልጅ። ‹ጆሮዋ ከኔ ይበልጣል› ይለኝ ነበር። ‹ታዲያ መልሰህ አስተምራት› ስለው ‹ቆይ› ይለኛል።»

ፋርማሲስቷ ሳጥኑን አነሳችና ተማሪዋን ይዛ አባቷ ወደሚያስተምርበት ክፍል ገባች። እናትየው ተከተለቻቸው።

ሦስቱ ክሮች ብዙም አልወረዱም ነበር፤ ፈራ ተባ እያለች አስተካከለቻቸው። ቀጭኗ ግን ላልታ ተኝታለች። ቁልፉን ስትይዘው ጣቶቿ በላብ አዳለጧት። ዓይኗን ጨፍና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ተማሪዋ ሳትጠየቅ የክሩን ድምፅ ማንጎራጎር ጀመረች፤ ቀጥ ያለ፣ የማይዋዥቅ። ፋርማሲስቷ ትክክል መሆኑን አወቀች። እንዴት እንዳወቀች ግን አልገባትም።

እጇን ከቁልፉ ላይ አነሳች።

«ነገ ፈተናው ላይ ቢላላብሽስ ማን ያጠብቅልሻል?»

«ጋሼ ናቸው የሚ…» ተማሪዋ አልጨረሰችውም።

«ነይ፣ አንቺው ያዢው።»

«ወይኔ ዓይኗን!» አለች እናትየው ከበሩ።

«እኔም እሱን ነው የምፈራው» አለች ፋርማሲስቷ። ከተማሪዋ ኋላ ተንበረከከች። መዳፏን ዘርግታ በልጅቷ ፊትና በክሩ መካከል አቆመችው። «ቀስ አድርገሽ። ሲወጣ ስሚው።»

ተማሪዋ አዞረች። ድምፁ ወጣ፣ ሰላ፣ ተማሪዋ ወዳንጎራጎረችው ተጠጋ። ክሩ ተበጠሰ። የፋርማሲስቷን እጅ ጀርባ ገረፋት፤ ተማሪዋን አልነካትም። ፋርማሲስቷ ከአባቷ መሳቢያ ሌላ ክር አወጣችና ተማሪዋ እንደገና ማጥበቅ ጀመረች።