ብርቱካናማው በርበሬ

ጋሽ ይልማ ሚኒሶታ፣ ሪችፊልድ ከተማ ባለችው የሐበሾች ቤተ ክርስቲያን ሁለት ሥልጣን አላቸው፤ ሽማግሌ ናቸው፣ የስክሪኑ ሪሞትም በእጃቸው ነው። ከሁለቱ የሚፈራው ሪሞቱ ነው። እሳቸው ያላዩት ሥዕል ከመዝሙር ግጥም ጀርባ እንኳ ዝር አይልም።

ማዕዶት እዚያው ሚኒሶታ የተወለደች የፊዚክስ ተማሪ ናት፤ ለእናቷ እንኳ በእንግሊዝኛ ነው የምትመልሰው። ለቅዳሜው የወጣቶች ፕሮግራም ግን የፈነዱ ከዋክብትንና የጋላክሲ ክምችቶችን ፎቶ አሳይታ፣ ያውም በአማርኛ ልታስረዳ ሻወር ቤት ውስጥ ስትለማመድ ከርማለች። ጋሽ ይልማ ካልፈቀዱ፣ ሰሚዋ የሻወሩ መጋረጃ ብቻ ሆኖ ሊቀር ነው።

ሐሙስ ከጸሎት በኋላ ለማስፈቀድ የመጀመሪያውን ፎቶ ስክሪኑ ላይ አወጣችው። ጋሽ ይልማ ከኤርፖርት ሺፍታቸው በቀጥታ ስለመጡ ዩኒፎርማቸውን አላወለቁም።

«ይሄ ቀለም የራሱ ነው?»

«ዓይን እንደዚህ አያየውም። ቀለሙን የሰጡት ሳይንቲስቶቹ ናቸው።»

«ቀቡት በያ። የተቀባ ነገር እዚህ አይወጣም፣ ልጄ። ሐሰት ኮከብ ላይም ቢሆን ሐሰት ነው።»

ከፊት ወንበር እትዬ የሺሀረግ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ ስክሪኑ ላይ ያለውን ጎናቸው የተቀመጠ ሰው በሹክሹክታ ይነግራቸዋል፤ የጉባኤው ልማድ ነው። በዚህም ምክንያት ዓይን ካላቸው ሰዎች የበለጠ የሚያዩት እሳቸው ናቸው።

«መጀመሪያ ለእኔ ንገሩኝ፣ ከዚያ ትጣላላችሁ።»

ማዕዶት አጠገባቸው ተቀመጠች። «እትዬ፣ የፈነዳ ኮከብ ነው፤ ጥቁር ሰማይ ላይ ክብ ነገር አለ፣ እንደተባዘተ ጥጥ ዳር ዳሩ የተበጣጠሰ። ቀዩ ሞቅ ያለ አቧራ ነው። ሰማያዊው ደግሞ በጣም የጋለ ጋዝ ነው፣ በኤክስሬይ ብቻ ነው የሚታየው።»

«በምን አልሽ?» አሉ ጋሽ ይልማ።

ማዕዶት የምትገባበት ቀዳዳ አገኘች። ሰውየው እንጀራቸው የመንገደኛ ሻንጣ በኤክስሬይ ማየት ነው።

«ጋሽ ይልማ፣ በርበሬ በእናንተ ማሽን ምን ይመስላል?»

«ብርቱካናማ። ሽሮም፣ ቆሎም፣ የሚበላ ሁሉ ብርቱካናማ ነው። ብረት ሰማያዊ።»

«በርበሬ ብርቱካናማ ነው እንዴ?»

«ምን ነካሽ። ቀለሙ እኮ ምን ከምን እንደሆነ እንድለይበት...» ንግግራቸው ለተጨማሪ ፍተሻ እንደተያዘ ሻንጣ እዚያው ቆመ።

እትዬ የሺሀረግ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። «ይልማዬ፣ ይሄን ሁሉ ዘመን በሐሰት ነዋ ሻንጣ ስታሳልፍ የኖርከው።» ወደ ማዕዶት ዞሩ። «ግን ልጄ፣ የፈረሰ ነገር ለወጣት ምን ይረባዋል? በዜና የምንሰማው ፍርስራሽ አይበቃም?»

«ፈርሶ አይቀርም እኮ፣ እትዬ። ከተበተነው ነው አዲስ ከዋክብት የሚሠሩት። ደማችን ውስጥ ያለው ብረት እንኳ ከፈነዳ ኮከብ የመጣ ነው።»

«እሰይ። ሐኪሙ ብረት ያንስዎታል እያለ ይጨቀጭቀኛል፤ ከየት እንደሚመጣ ግን አንድ ቀን ነግሮኝ አያውቅም።»

ጋሽ ይልማ ሪሞቱን ተጭነው ቀጣዩን ፎቶ አወጡ። ማዕዶት አፏን ከመክፈቷ በፊት ወንበር ስበው በእትዬ የሺሀረግ ማዶ ተቀመጡና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እትዬ፣ ይሄኛው የጋላክሲ ጉባኤ ነው። ነጠብጣቡ ሁሉ የየራሱን ከዋክብት ይዞ ተሰብስቧል። መሃሉን ሰማያዊ ነገር ሞልቶታል፤ ሻንጣ ቢሆን ባስከፈትኩት ነበር።»

«ብረት አይደለም፣ የጋለ ጋዝ ነው» አለች ማዕዶት።

«ጋዝ ከሆነማ ጭራሽ አላሳልፈውም።»

«ቅዳሜስ?»

ጋሽ ይልማ ዓይናቸውን ከስክሪኑ አልነቀሉም። «ቅዳሜ ሁለት ማይክ አዘጋጂ። አንዱ የእኔ ነው።»