ጭቃው ላይ የተነጠፉ ሰሌኖች

ሰሌን ሠሪዋ በላስቲክ የጠቀለለችውን ሸክም በራሷ ላይ አድርጋ ወደ ጀልባ ማቆሚያው ስትወርድ፣ ባሏ ጀልባዋን በመፍታት ፈንታ በሁለተኛ ገመድ ሲያስራት ደረሰች።

“ምን እያደረግህ ነው?”

“እያሰርኩ።”

“እሱን ለማየትማ ዓይን አለኝ። እንግዶቹን ማን ሊያመጣቸው ነው?”

ጀልበኛው ቋጠሮውን በእግሩ ረግጦ አጠበቀ። ዝናቡ ከቆቡ ጫፍ እየተንጠባጠበ በአፍንጫው ይወርዳል። “ዛሬ ማንም አይመጣም። መተላለፊያው አይሆንም ብዬ ለመርከቡ ሰዎች በሬድዮ ነግሬያቸዋለሁ።”

ሴትየዋ ሸክሟን ሳታወርድ ወደ ባሕሩ ዞረች። ትልቁ መርከብ ከሩቅ፣ ከዝናቡ ጀርባ፣ በግማሽ እንደታጠበ የኖራ ሥዕል ደብዝዞ ቆሟል።

በበጋ መርከቦች ይመላለሳሉ። እንግዶቹ በትንንሽ ጀልባ ተጭነው በሁለቱ አለቶች መካከል ባለው ጠባብ መተላለፊያ ያልፉና፣ ሰሌኑን አይተው፣ ሸክላውን አገላብጠው፣ ገዝተው ይመለሳሉ። ክረምት ሲገባ ግን ደሴቷ ጭር ትላለች። ዓሣው ይርቃል፣ ገበያው ይሞታል፤ ሰው ያልገዛውን ሰሌን ሻጋታ ይወርሰዋል። ዘንድሮ የመርከቡ ኩባንያ ለመጀመሪያ ጊዜ በዝናብ ወቅት አንድ ጉዞ ልሞክር ብሎ ነበር። ከተሳካ በየወሩ ሊመጡ፤ ካልተሳካ ፊታቸውን ወደ ማዶው ደሴት፣ የድንጋይ ወደብ ወዳላቸው እንጨት ጠራቢዎች ሊያዞሩ። ሰሌን ሠሪዋ ይህን ቀን እያሰበች፣ ጣቶቿ እስኪሻክሩ ድረስ ዘንባባ ስትሰነጥቅ፣ ቀለም ስትነክር፣ ስትጎነጉን ከርማለች።

“ትንሽ ቆይተህ ብትነግራቸው ምን ነበረበት?”

“ማዕበሉ አለቱን ሲዘል እያየሁ ምን ልቆይ?”

ከኋላቸው “እኔ ልሂድ!” የሚል ድምፅ መጣ። በችኮላው “ጥድፊያ” የሚል ስም የወጣለት ጎረምሳ ጀልበኛ ነው። “የኔ ሞተር አዲስ ነው፤ ጋሼ፣ አንድ ቃል ብቻ በሬድዮ በልልኝ።”

የመርከቡ ሰዎች የሚሰሙት የባሏን ቃል ብቻ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ጀልበኛው ጎረምሳውን ቀና ብሎ አየው። “ሞተሩ ያንተ ነው። የምትጭነው ነፍስ ግን የሰው ነው።”

በዚህ መሀል እትዬ ሸክላ በአቡጀዲ የተሸፈነ ማሰሮ አቅፋ ደረሰች። የጀልበኛው አክስት ናት፤ እናቱ ስትሞት ያሳደገችው እሷ ነች። ክረምት ሸክላ አያደርቅምና ማሰሮዎቿን በእሳት ዳር እንደ አራስ ልጅ እያገላበጠች ነው ለዚህ ቀን ያደረሰቻቸው።

“አይሆንም አለ?” ብላ ጠየቀች፤ መልስ አልጠበቀችም። “አዬ! እኔ በጭቃ ስሠራ እህቴ ይኼን ከድንጋይ ጠረበችው!”

ጥድፊያ ሳቀ። ሰሌን ሠሪዋ ግን አልሳቀችም። አፏ ሳያማክራት ተከፈተ።

“ፈሪ!” አለችው፣ በሰው ፊት።

ጀልበኛው ገመዱን ጠቀለለ፣ ቆቡን አወለቀና አራግፎ መልሶ አደረገው፤ ከዚያ ብቻውን ሄዶ ከአለቶቹ ፊት ለፊት ቆመ። እሷ ወደ መሥሪያ ዳሱ ገብታ ሸክሟን አወረደች። ቃሉን ልትመልሰው ፈለገች፤ ግን የወጣ ቃልና የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ቆርቆሮው ላይ የሚወርደውን ዝናብ እያዳመጠች ተቀመጠች።

ዝናቡ ሲሳሳ ባሏ ወደ ዳሱ መጣ። እሷን አላያትም። ከግድግዳው ላይ ሬድዮውን አንሥቶ መርከቡን ጠራ።

“ነፋሱ ዞሯል” አለ። “መተላለፊያው አሁንም አይነካም። ግን መርከባችሁ በደሴቷ ጀርባ ዞሮ ቢቆም፣ እዚያ ያለው ባሕር እንደ ሳህን ውሃ ነው። እኔ ከአለቶቹ ውስጥ ውስጡን ዳር ዳሩን ይዤ በጀልባ እደርሳለሁ፤ በሱ በኩል ላወርዳቸው እችላለሁ።”

መርከቡ ላይ ያለችው የእንግዶቹ አስጎብኚ ድምፅ እየተቆራረጠ መጣ። “ካፒቴኑ ይዞራል። ግን ከዚያ ወደ ዳሱ መንገድ አለ ወይ? እንግዶቼ አብዛኞቹ አዛውንት ናቸው። ጭቃ ላይ አንዱ ተንሸራቶ ቢሰበርብኝ አለቀልኝ።”

ጀልበኛው ወደ ዳገቱ ተመለከተ። ከጀርባው ዳርቻ ወደ ዳሱ የሚወስደው ፍየሎች የሚወጡበት ዳገት ብቻ ነው፤ በክረምት ደግሞ ፍየሎቹም ይሳሳቱበታል። “አለ” ማለት ይችል ነበር። ጠዋት የሰደበችው ሚስቱ፣ ተከትለውት የገቡት አክስቱና ጥድፊያ፣ ሁሉም አፉን አፉን እያዩት ነው። እሱ ግን አላለም። ሰሌን ሠሪዋ ያን ጊዜ ነው ባሏን አስተውላ ያየችው። ይህ ሰው ፈርቶ አልነበረም። መዋሸት እንቢ ብሎት ነው።

“አለ በላት” አለች ከኋላው።

ሬድዮውን በእጁ ሸፈነ። “የታለ?”

“መርከቡ እስኪዞር ይኖራል።”

ላስቲኩን ቀደደችው። ሰሌኖቹን በክንዷ ሙሉ አቅፋ ዳገቱን ወረደችና የመጀመሪያውን ጭቃው ላይ ዘረጋችው። እትዬ ሸክላ ጮኸች።

“አበድሽ እንዴ! የክረምት ልፋትሽን!”

“ቤት ሆኖ ከሚሻግት ይረገጥ።”

“እንዲያማ ይንሸራተታል፣ ሞኝ!” አለች እትዬ ሸክላ፤ ሮጣም ማሰሮ የምታሽግበትን ገለባ በኩንታል ጎትታ አመጣች። “ከሥሩ ይኼን ጎዝጉዢ።” ጥድፊያ ጫፍ ጫፋቸውን በችካል እየቸከለ ተከተላቸው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ችኮላው ለበጎ ዋለ። መጀመሪያ ተራዎቹ ተነጠፉ፣ ቀጥሎ ባለቀለሞቹ። ዳገቱ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው እጇ ላይ የቀረው ትልቁ ብቻ ሆነ፤ ቀይና ጥቁሩ እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደራረበ፣ ስትሠራው እንቅልፍ የነሳት።

“እሱንስ ተዪው፣ የምታሳዪው ይኑርሽ” አለች እትዬ ሸክላ፣ ድምፅዋ ለስልሶ።

ሰሌን ሠሪዋ ለአፍታ አቅፋው ቆመች። ከዚያ ዘረጋችው። ያን ጊዜ ጀልበኛው ሬድዮውን አንሥቶ “መንገድ አለ” አለ።

ጀልባዋ እንግዶቹን ጭና ስትደርስ፣ መጀመሪያ የወረዱት ሰማያዊ የዝናብ ልብስ የለበሱ፣ ከዘራ የያዙ አሮጊት ነበሩ። ሰሌኑ ጫፍ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ጎንበስ ብለው ጉንጉኑን በጣታቸው ዳሰሱና ለአስጎብኚዋ አንድ ነገር ተናገሩ።

“ይኼ የሚሸጠው ነው ወይ ይላሉ” አለች አስጎብኚዋ።

“ነው። ዛሬ ግን መንገድ ነው። ይርገጡት በያቸው።”

አሮጊቷ አይሆንም በሚል ራሳቸውን ነቀነቁ። ተመልሰው የጀልባዋ ጠርዝ ላይ ተቀመጡና ጫማቸውን ማውለቅ ጀመሩ። ከኋላቸው ያለው ሰውዬም አወለቀ። ከዚያ ሁሉም፣ እየተደጋገፉና እየሳቁ፣ ፀሐይ አይቷቸው የማያውቅ የሚመስሉ እግሮቻቸውን ሰሌኑ ላይ አሳረፉ። ሰሌን ሠሪዋ ሥራዋን ብዙ ሰው ሲገዛው አይታለች፤ ጫማውን አውልቆ ሲያከብረው ግን አላየችም።

ዳሱ ውስጥ ጫጫታው ደራ። አንድ ረጅም ሰውዬ እጀታውን ሰብስቦ ማሰሮ ልሥራ ቢል፣ ጭቃው በእጁ ላይ ተኛበት።

“ሸክላ እንደ አማት ናት በይው” አለች እትዬ ሸክላ ለአስጎብኚዋ። “በለሰለሰ እጅ ካልያዟት ትገለበጣለች!” ሰውዬው ሲተረጎምለት እንባው እስኪወርድ ሳቀ፤ ከጎኑ የቆመችው ሚስቱ ከሱ ይበልጥ ሳቀች።

አሮጊቷ ደግሞ ከሰሌን ሠሪዋ አጠገብ ተቀምጠው ዘንባባ ሲሰነጥቁ ዋሉ። አንዱንም ቀጥ አድርገው አልሰነጠቁም፤ ግን አልሰለቻቸውም።

እንግዶቹ ሲመለሱ የተነጠፉትን ሰሌኖች ካልገዛን አሉ፤ ጥድፊያም እያጠበ አስረከበ። ሁሉም አልተረፉም። አንዳንዶቹ ተቀደዱ፤ ትልቁንም የከዘራው ጫፍ በሳው። ሰሌን ሠሪዋ እሱን ለመሸጥ አልፈለገችም። እንግዶቹን አድርሶ የተመለሰው ባሏ አንደኛውን ጫፍ ይዞላት ባሕሩ ውስጥ አብረው አለቀለቁት።

“ጠዋት ያልኩህን...”

“ጠዋት ዝናብ ነበር። አልሰማሁም።”

“ሰምተሃል።”

“ሰምቻለሁ” አለ፤ ሰሌኑን ጠመዘዘላት።

ከአለቶቹ በኩል ማዕበሉ አሁንም ያጓራል። ጠዋት በዚያ ቢያልፉ ኖሮ ምን ይሆኑ ነበር? ምናልባት በሰላም ያልፉ ነበር፣ ምናልባትም አያልፉም። ያልደረሰን አደጋ ማን አይቶት፣ ማንስ አመስግኖበት ያውቃል? ባሏ ይህን ሁሉ ዓመት ማንም የማያየውን ነገር ሲሸከም መኖሩ ልቧን ነካው።

እሱ ጀልባዋን ሊያስር ሲሄድ እሷ ወደ ዳሱ ወጣች። ሬድዮው እየተጣራ ነበር።

“እንዴት ያለ ቀን መሰለሽ!” አለች አስጎብኚዋ፤ ከጀርባዋ የእንግዶቹ ሳቅ ይሰማል። “በሚቀጥለው ወር ሌላ ቡድን ይዤ ልምጣ እያልኩ ነው። ቢሮው ግን ቁርጡን ይፈልጋል። ዝናብ ቢዘንብም ባይዘንብም እናወርዳቸዋለን በሉኝ፤ አሁኑኑ አስጽፈዋለሁ።”

እትዬ ሸክላ በጭቃ እጇ ጎሰመቻት። “እሺ በያታ! ምን ትጠብቂያለሽ?” ጥድፊያም በሩ ላይ ቆሞ በራሱ እሺ፣ እሺ ይላል።

ሰሌን ሠሪዋ ወደ ውጭ ተመለከተች። ባሏ ጎንበስ ብሎ ቋጠሮውን በእግሩ እያጠበቀ ነው። የሬድዮውን ቁልፍ ተጫነች።

“ኑ” አለች። “ቤታችሁ ነው፣ እንጠብቃችኋለን። መውረድ አለመውረዳችሁን ግን የዚያን ዕለት ጠዋት ባሌን ጠይቁት። እሱ አይሆንም ካለ፣ አይሆንም።”