ሦስት ኩንታል ውኃ

ጀዊሪያ ዊንጌት አካባቢ መጋረጃ እየሰፋች ትሸጣለች። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው መስኮት ስትለካ አንድም ቀን ተሳስታ አታውቅም። ግራ ያጋባት ዓሣ ነው።

ዓሣው የጎረቤቷ የሶፍያ ነበር። ሶፍያ ሥራ ቀይራ ወደ ሐዋሳ ስትሄድ፣ ጣት የሚያህለውን ዓሣ ከነመስታወት ገንዳው ትታላት ሄደች። "ኦስካር ይባላል፤ ብዙም አያስቸግርሽም" ነበር ያለቻት። በዓመት ከመንፈቅ ግን ከስንዝር አለፈ፤ ሲዞር ከመስታወቱ ጋር እየተጋጨ አፉ ቆሰለ።

"ሰፋ ያለ ገንዳ ይፈልጋል" አለ ባሏ አማን።

"ምን ያህል ሰፋ ያለ?"

"እኔን ትጠይቂኛለሽ?"

ዓሣ ሻጩን ብትጠይቀው "ከሦስት መቶ ሊትር እንዳያንስ" አላት። ለሶፍያ ስትደውል ደግሞ "ኧረ ተይ፣ ዓሣ እንደ ቤቱ ነው የሚያድገው፤ ቤቱ ትንሽ ከሆነ ትንሽ ይሆናል" አለቻት። ታዲያ ይሄኛው ምን ሆኖ አደገ? ቴሌግራም ላይ ያገኘችው ሰው "የገንዳው ርዝመት የዓሣውን አራት እጥፍ ይሁን" ብሎ ጻፈላት። የዛሬ ርዝመቱን ይሁን ወይስ ወደፊት የሚደርስበትን፣ አልነገራትም። ሜትር አምጥታ በመስታወቱ ላይ ለካችው፤ ሲቀርብ ሀያ ሦስት ሴንቲ ሜትር፣ ሲርቅ አሥራ ስምንት ሆነባት።

በመጨረሻ ሸጎሌ መንገድ ላይ መስታወት ወደሚቆርጡት ጋሽ ባጫ ሄደች።

"ጋሽ ባጫ፣ የሦስት መቶ ሊትር ገንዳ ይሠሩልኛል?"

"ሊትር የወተት ነው ልጄ። ለኔ ርዝመት፣ ወርድና ቁመቱን ንገሪኝ።"

ሳሎኗ ውስጥ ባዶ የነበረው ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ያለው ጥግ ብቻ ነው። ስልኳ ላይ ደማምራ አባዝታ፣ ሀምሳ በሀምሳ፣ ቁመቱ መቶ ሀያ አለቻቸው። ልክ ሦስት መቶ ሊትር መጣ። ደስ አላት።

አማን ሲሰማ ደነገጠ። "ሦስት መቶ ሊትር እኮ ሦስት ኩንታል ነው! ሦስት ኩንታል ውኃ ሳሎን ውስጥ?"

"ምድር ቤት ነን፤ ወዴት ይወድቃል?"

ገንዳው መጣ፣ ተሞላ። ውኃው የክሎሪኑ ሽታ እስኪጠፋ ጥቂት ቀን ሰንብቶ ዓሣው ሲገባ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ወረደና እዚያው ቀረ። ከራሱ በላይ አንድ ሜትር ያህል ውኃ አለለት፤ እሱ ግን ታች ሆኖ እንደ ድሮው እየተጋጨ ይዞራል። ጀዊሪያ ቁጥሩን ሦስቴ አባዛችው፤ ሦስቴም ሦስት መቶ መጣ።

ጋሽ ባጫን ጠራቻቸው። ኮፍያቸውን አውልቀው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ።

"ልጄ፣ ይሄ ዓሣ ደረጃ ይወጣል?"

"አይወጣም።"

"ታዲያ ፎቅ ምን ያደርግለታል?"

ጀዊሪያ እንባዋ መጣ። "ሊትሩ ግን ልክ ነው።"

"ልክ ነው። እናጋድመዋለን። ላይ የሚሆነውን ጎን እቆርጥና ክፍቱን አፍ በመስታወት እዘጋዋለሁ። ውኃው ያው ነው።"

ያው ውኃ ቆሞ ሲያንስ፣ ተኝቶ እንዴት ይበቃል? ሊገባት አልቻለም፤ ግን እሺ አለች። ለተጋደመው ገንዳ ቦታ ለማግኘት ከአማን ጋር ትልቁን ሶፋ ተሸክመው መኝታ ቤት አስገቡት። መስታወቱ የተጣበቀበት ሲሊኮን እስኪደርቅ ዓሣው ወደ ድሮው ገንዳ ተመለሰ።

የተጋደመው ገንዳ ውስጥ ሲገባ፣ መሀል ድረስ እየሄደ፣ ምንም ነገር ሳይኖር፣ መስታወት እንደነካ ሆኖ ይመለስ ጀመር። ሁለት ቀን እንዲሁ አደረገ።

"ይሄም ጠበበው?" አለ አማን።

"እኔ እንጃ" አለች።

በሦስተኛው ቀን፣ ለምሳ ቤት ስትገባ፣ ዓሣው መሀሉን አልፎ ወዲያኛው ጫፍ ደረሰ። እዚያም ምንም ሳይነካ ሰፋ አድርጎ ዞረ። ምሳዋን ረስታ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ሦስቴ ሲመላለስ አየችው። የተሳሳተችው የቱ ጋ እንደሆነ አሁንም በቅጡ አልገባትም።